የጥቅምት 4 ቀጠሮና የቃሊቲ አሮጌ ኮምፒውተሮች

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ ያለው ግርግር ጋብ ይላል። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ የትራንዚት ቢሮዎች በተደረደሩበት ፎቅ ላይ፣ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ጠጋኝ የዴስክቶፑን ሽፋን ፈትቶ አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል። የቢሮው ባለቤት ስልሳን የተሻገሩ ትራንዚተር ናቸው። ዲክላራሲዮን በታይፕ ሲሞላ ያውቃሉ፤ አሲኩዳ የተባለው የጉምሩክ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲገባም፣ እሱ በሌላ ሲተካም እዚሁ ነበሩ። ሰሞኑን ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እንዳበቃ የሚናገር ማስታወቂያ ስክሪናቸው ላይ እየመጣ አላስቀምጣቸው ብሏል።

«ልጄ፣ ዐሥራ አንዱን ጫንልኝና ልገላገል» አሉት።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ዐሥራ አንድ አይቀበልም። ፎርዝ ጄነሬሽን ነው።»

«ምን ጎደለው? ትናንት እንኳ ሦስት ዲክላራሲዮን አልሠራሁበትም?»

«ምንም አልጎደለውም። አይቀበልም ነው የምልዎት።»

የሽማግሌው ጥያቄ ከተሰጣቸው መልስ ይሻላል። ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ነው፤ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ያገለገለ ሆኖ ተገዝቶ ነው እዚህ የደረሰው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ የከባድ መኪናውን አቧራ ሲውጥ ኖሯል፤ ሥራ ግን አላስተጓጎለም። ታዲያ እየሠራ ያለን ዕቃ ማን ነው አበቃለት ያለው?

ማክሰኞና ረቡዕ

ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዐሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማይክሮሶፍት ነጻ ጥገናውን አቆመ። በማግስቱ ረቡዕ ኮምፒውተሮቹ እንደወትሮው ተነሡ፤ ፋይልም አልጠፋም፣ ፕሪንተርም አልተቋረጠም። የቆመው በየፈረንጁ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ይህ ማስተካከያ ለዓይን የሚታይ ነገር አይጨምርም፤ ሥራው የተገኙ ቀዳዳዎችን መድፈን ነው።

አደጋው የሚመጣው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የውስጥ አካላቸውን ይጋራሉ። ማይክሮሶፍት በ11 ላይ አንድ ቀዳዳ በደፈነ ቁጥር፣ ማስተካከያውን ፈታትቶ የሚያጠና ሰርጎ ገብ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይደርስበታል፤ ከዚያ ወደ 10 ዞሮ ያንኑ ቦታ ይሞክራል። ስለዚህ ጥቅምት 5 ማለዳ ማንም አልተጠቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ወር በወር የሚታወቀው ቀዳዳ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። የዲፌንደር የቫይረስ መለያና የኤጅ ብሮውዘር እድሳት በ10 ላይ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል ተብሏል። ጥሩ ነው፤ ከሥር ያለውን ግን አይጠግነውም።

ይህ ለቃሊቲ የመጀመሪያው አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመሳሳይ ቀን ደርሶባቸዋል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በየቢሮው አሉ። ከቀኑ በኋላ የሚከተለው ዝግ ያለ ነገር ነው፤ በመጀመሪያ የሚከዳው ራሱ ዊንዶው ሳይሆን ብሮውዘሩ ነው። ክሮም ዊንዶውስ 7ን በ2015 ዓ.ም. ተወው፤ 109ኛው ዕትም የመጨረሻው ሆነ። ግብር በገቢዎች ሚኒስቴር ኢ-ታክስ በሚገለጽበት፣ የአስመጪና ላኪ ፈቃድ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በሚጠየቅበት ዘመን፣ ያረጀ ብሮውዘር ማለት አንድ ቀን ገጹ አልከፈት የሚል ኮምፒውተር ማለት ነው። ዕቃው ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጦ የመጋዘን ኪራይ ሲቆጥር፣ ያ ቀን ውድ ነው።

አራተኛ ትውልድ፣ ስምንተኛ ትውልድ

ጠጋኙ «አይቀበልም» ያለው ከራሱ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ከቀደሙት ሁሉ ይልቅ መራጭ ነው። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ ይህን ብዙዎቹ አያጡም። የሚያጠምደው ሌላው ነው፦ ቲፒኤም 2.0 የሚባል፣ የምስጢር ቁልፎችን ከዋናው ሃርድ ዲስክ ውጪ የሚይዝ ክፍል፤ ሲነሣ የተፈረመበትን ሶፍትዌር ብቻ የሚያስነሣ ሴኪዩር ቡት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር። የኢንቴል ከሆነ ዝርዝሩ፣ ከጥቂት በስተቀር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስምንተኛ ትውልድ ይጀምራል፤ የኤኤምዲ ከሆነ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለው ነው።

የራስን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ወይም በኮምፒውተሩ መረጃ ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ከአይ 5 ቀጥሎ 4590 ካለ አራተኛ ትውልድ ነው፤ 8250 ካለ ስምንተኛ፤ 10210 ካለ ዐሥረኛ። ስምንተኛና ከዚያ በላይ ሆኖ «ቲፒኤም የለህም» የሚል ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አለው፤ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴሎቹ ፒቲቲ በሚል ስም ያስቀምጡታል። ከፍቶ መሞከር ነው። እንዲህ ያለ ማሽንና ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው የሚያቅማማበት ምክንያት አይታየኝም፤ ማሻሻያው ነጻ ነው። ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ መጀመር ብቻ ነው። በመሀል መብራት ከሄደ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ማሽን ታቅፎ መቅረት አለ።

ለአራተኛ ትውልድም ቢሆን መንገድ አልጠፋም። ሩፈስ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም የተዘጋጀ ፍላሽ የቲፒኤምና የፕሮሰሰር ምርመራውን አልፎ 11ን ይጭናል። ከአቃቂ እስከ መርካቶ ጠጋኞች ያውቁታል፤ ሥራውም ይሠራል። ግን ሁለት ነገር አለበት። ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን የእድሳት ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ተናግሯል፤ በየዓመቱ የሚመጣው ትልቁ ዕትምም ራሱ አይወርድም፣ በእጅ እንደገና መጫን ይፈልጋል። ከዚህ የባሰው በኮር 2 ዱዎ ላይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 24ኤች2 ዕትም እነዚያ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን ትእዛዝ ስለሚጠቀም፣ በማታለልም ቢጫን አይነሣም። ለእነሱ በሩ በእርግጥም ተዘግቷል።

ጠጋኙ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረው

እዚህ ድረስ ያለው በማንኛውም አገር የሚነገር ነው። የቃሊቲው ነገር የሚጀምረው ቀጥሎ ነው።

ሽማግሌው ሻይ ሊያዝዙ ብቅ ሲሉ፣ ወጣቱ የዊንዶውን የእድሳት ገጽ ከፈተ። እድሳቱ ጠፍቷል። የመጨረሻው ማስተካከያ የተጫነው ከዓመታት በፊት ነው፤ ምናልባትም ማሽኑ ፎርማት በተደረገበት ዕለት።

«እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት» አለ ፈገግ ብሎ። «ብሠራውም ግን አጠፋው ነበር።»

ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ለማንም የጥገና ቤት ደንበኛ ግልጽ ነው። የአንድ ወር ማስተካከያ የሞባይል ዳታ ጥቅልን ሊጨርስ ይችላል። ደንበኛው «ዳታዬን ማን በላው?» ብሎ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ ብዙው ዊንዶው የተከፈተው ያለ ሕጋዊ ቁልፍ፣ በክራክ ነው፤ እድሳት ሲመጣ ክራኩ ይበላሽና ስክሪኑ ይጠቁራል። ደንበኛው እንደገና ይመጣል። ስለዚህ ጠጋኙ ራሱን ለማዳን እድሳቱን ከሥሩ ይነቅለዋል። ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ ዲፌንደር «ቫይረስ ነው» ብሎ እንዳይዘው ይዘጋል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ ቫይረስ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ጥቅምት 4 ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። እድሳቱ ለተነቀለበት ማሽን የድጋፍ ማብቂያው ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አይደለም፤ ፎርማት የተደረገበት ዕለት ነው። ዊንዶውስ 11 ቢጫንበትም በዚያው እጅና በዚያው ፍላሽ ከሆነ፣ አዲስ ስም ያለው ያልታደሰ ዊንዶው ይሆናል። ሶፍትዌር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው የፈጠራ ሥራ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና፣ በተግባር ብቻ ብናየው እንኳ፣ «ዐሥር ወይስ ዐሥራ አንድ?» ከሚለው በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «እድሳቱ በርቷል ወይ?» የሚለው ነው።

ያልታደሰ ማሽን ምን እንደሚያደርስ ዓለም ያየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮና ቀዶ ጥገና ሰረዙ። የገባበት ቀዳዳ ማስተካከያ ከወጣለት ወደ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። አብዛኞቹ የተጠቁት ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ያኔ ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ገና አልተቋረጠም ነበር። የተጎዱት አሮጌ ስለሆኑ ሳይሆን ስላልታደሱ ነው።

ቀዳዳው የነበረው ኮምፒውተሮች ፋይል በሚጋሩበት አሮጌ ቋንቋ፣ ኤስኤምቢ 1 በሚባለው ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቂት ወራት በኋላ በአዳዲስ ዊንዶውስ 10 ላይ አጠፋው። በየቢሮው ግን መልሶ የሚያበራው አይጠፋም፤ ምክንያቱም አሮጌው የፎቶ ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን ወደ ኮምፒውተር የሚልከው በዚሁ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ኤክስፒም ከሌሎቹ ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ነው። አንድ አሮጌ ማሽን ለማገልገል ሲባል የቢሮው አዳዲስ ማሽኖች ሁሉ ያንን በር ከፍተው ያድራሉ።

ሽማግሌው ይህ ሁሉ ሲነገራቸው ዝም ብለው አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «የጉምሩኩ የይለፍ ቃሌ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። የባንኩም። ታዲያ ሰው ሊያየው ይችላል ማለት ነው?» ይችላል ማለት ነው። እሳቸው ጋ ያለው የራሳቸው ብቻ አይደለም፤ የአስመጪዎቹ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ኢንቮይስ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሌላን ሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ኃላፊነት አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ማሽን የሩፈሱን ማታለያ አልመክርም። ስምንተኛ ትውልድ የሆነ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሕጋዊ ዊንዶው ላይ ሥራውን ማዛወር ይሻላል።

መነካት የሌለበት

ከቃሊቲ አጠገብ ያለው አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ምግብ፣ መለዋወጫ፤ ከአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ዘመን ጀምሮ የተተከሉም ትናንት የተተከሉም አሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር «ሁሉም ይታደስ» ማለት አለማወቅ ነው። በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ያለውን የከባድ መኪና ሚዛን እንውሰድ። ሚዛኑን የሚያነበው ኮምፒውተር ኤክስፒ ነው፤ በወፍራም የሲሪያል ገመድ ከሚዛኑ ጋር ተያይዟል፤ ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኢንተርኔት የለውም፣ ፍላሽ አይሰካበትም፣ ሌላ ኮምፒውተርም አያውቅም። ይህን ማደስ ሚዛኑን ማቆም ነው። መደረግ ያለበት የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስዶ ማስቀመጥና፣ ማንም ኔትወርክ እንዳይሰካበት ማድረግ ብቻ ነው።

የሒሳብ ክፍሉ ግን ይከብዳል። የኢትዮጵያ ሒሳብ ሠራተኛና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጣበቁ ናቸው። ኩባንያው ስሙን በ2012 እ.ኤ.አ. ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ቆይቷል፤ እዚህ ግን ማስታወቂያ የሚወጣው «ፒችትሪ የምትችል» ተብሎ ነው፤ የሚማሩትም የሚሠሩበትም ብዙ ጊዜ የ2010 ዕትም ነው። ያ ዕትም ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 የተሠራ ነው። ከሥሩ ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለ፤ በአዲስ ዊንዶው ላይ መጀመሪያ የሚያምጸው እሱ ነው። ፒችትሪው ይከፈታል፣ ድርጅቱን ሲመርጡ ግን ዳታቤዙ አልተነሣም ይላል።

ያነጋገርኳት የሒሳብ ኃላፊ ይህን በሚገባ ታውቃለች። «ኦዲተር የሦስት ዓመት በፊቱን አምጪ ሲለኝ ዊንዶው ስላሳደስኩ አልከፈት አለኝ ልለው ነው?» አለችኝ። ያደረገችው ነገር ከብዙ ባለሙያ ምክር ይሻላል። አሮጌውን ዊንዶውስ 7 ማሽን ለፒችትሪ ብቻ ለየችው፤ የኢንተርኔት ገመዱን ነቀለች። በየቀኑ ማታ ባክአፑን ለዚህ ብቻ በተመደበ ፍላሽ ወስዳ በሁለተኛ ማሽን ላይ ታስቀምጣለች። ኢ-ታክሱ፣ ኢሜይሉና ባንኩ የሚሠራው በሁለተኛው፣ ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፕ ነው። ሁለቱ በገመድ አይገናኙም። ፒችትሪውን ወደ አዲስ ዕትም የማዛወሩን ጉዳይ ለሐምሌ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አስቀምጣዋለች። በመሀል ዓመት ሒሳብ ማዛወር እብደት ነው ትላለች፤ እኔም አምናታለሁ።

ኒያላ የጠፋባት ጸሐፊ

አቃቂ ውስጥ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲታተም ይውላል። የቤቱ ባለቤት ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ከዐሥር ዓመት በላይ ጽፋለች፤ ጣቶቿ ከስክሪኑ ይቀድማሉ። ከሁለቱ ኮምፒውተሮቿ አንዱን ዘመድ የሆነ ልጅ ወደ ዊንዶውስ 10 ቀይሮላት ነበር። በማግስቱ የድሮ ውል ስትከፍት ገጾቹ ተንሸራተዋል፤ ፊርማው ያለበት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርዷል። ፊደሉም የምታውቀው አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛው ፊደል ኒያላ የሚባለው ፎንት ነበር፤ ብዙ የቢሮ ጽሑፍ በእሱ ተጽፏል። በዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከዋናው ወጥቶ ተፈልጎ የሚወርድ ተጨማሪ ሆነ። በሌለበት ጊዜ ኤብሪማ ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋት የተለያየ ስለሆነ ገጹ ይንሸራተታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ማውረድ ብቻውን ይፈታዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት፣ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ሌላ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከማሻሻል በፊት የፎንቶቹን ፎልደር ገልብጦ መያዝ ለጸሐፊ ከፋይል መገልበጥ እኩል ነው።

ሁለተኛው ማሽን ኮር 2 ዱዎ ነው፤ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። ለእሱ 11 የማይታሰብ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጠላት ደግሞ ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ የደንበኛ ፍላሽ ነው። «ፎልደሬ ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ» የሚለውን ለቅሶ በዚህ ሥራ ውስጥ ያልሰማ የለም። አንድ ተመራቂ ፍላሹን ይሰካል፣ ሾርትከቱን ይጫናል፣ ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ማሽን የተገኘው መፍትሔ ሊኑክስ ሆነ፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ገጽታ ያለው ሊኑክስ ሚንት። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 22ኛው ዕትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይታደሳል፤ በ2 ጊጋ ራም ይነሣል፣ ብሮውዘር ብዙ ካልተከፈተ ይራመዳል፤ ክራክ አያስፈልገውም። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ማየት መቻሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅሎ መሄድ ነው። የሾርትከቱ ቫይረስ ለዊንዶው የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አይነሣም፤ ፎልደሮቹ ተደብቀው የነበሩትም ተገልጠው ይታያሉ።

ግን ሊኑክስን እንደ ጸበል የሚያስታውቁት ሰዎች የማይናገሩት አለ። ፓወር ግዕዝ የዊንዶው ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፊያ አለ፣ ኪይማንም ይሠራል፤ የፊደል አደራደሩ ግን ጣቶቿ የለመዱት አይደለም። ፕሪንተሩ ደግሞ ካነን ኤልቢፒ 2900 ነው፤ በሊኑክስ ላይ እሱን ማሳተም ባለሙያ የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ኤችፒ 1020 ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ ፋይል አውርዶ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ከፈለችው። ፍላሽና ቴሌግራም ሁሉ ወደ ሚንቱ ይገባል። ደንበኛው «በቴሌግራም ልላክልሽ?» ካለ እዚያ ይወርዳል፤ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ በቤቱ ፍላሽ፣ ፓወር ግዕዝና ፕሪንተሩ ወዳለበት ዊንዶው ይሻገራል። የደንበኛ ፍላሽ ዊንዶውን አይነካም። ማንም ኮርስ ሳይሰጣት ያገኘችው ሥርዓት ነው።

ሐምሌ 22፣ ሁለተኛ ጊዜ

ገንዘቡን ሳያነሡ ስለዚህ መጻፍ ቀልድ ነው። ዊንዶውስ 10 በወጣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያችው ሐምሌ 22፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በአሜሪካ «አዲስ ግዛ» ማለት ምክር ይሆናል፤ ቃሊቲ ላይ የወራት ደመወዝ ነው።

ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ ተጨማሪ የደኅንነት እድሳት በ30 ዶላር አቅርቧል። በዛሬ ምንዛሪ ከ4,000 ብር በላይ ነው፤ ደግሞም የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ሳይከፍሉ የሚገቡበትም መንገድ አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንግን ከእሱ ጋር ማመሳሰል ነው። ማሽኑ 22ኤች2 ዕትም ላይ መሆን አለበት። ሕጋዊ ዊንዶው ላለው የግል ላፕቶፕ ይህን ዓመት ማግኘት ጥሩ ነው፣ ሰዎች ሳያውቁት ማለፉ ያሳዝናል። ለድርጅት ማሽን የታሰበ አይደለም፤ ለድርጅት የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ገንዘብ ፋንታ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ነው። «ኮምፒውተሬ ዘገየ፣ ዊንዶው ይቀየርልኝ» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሚሰቃዩት በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ ገብቶለት ራሙ 8 ጊጋ የሆነ አራተኛ ትውልድ፣ ሊኑክስ ተጭኖበት፣ ለቢሮ ሥራ ሌላ አምስት ዓመት አያንሰውም። የትራንዚተሩ ኦፕቲፕሌክስ የሄደው ወደዚህ ነው፤ ለልጅ ልጃቸው ትምህርት።

ከዚያ ወዴት?

ምንም የማይሆንለት ማሽን ይቀራል። አቃቂ ይህንንም ያውቃል፦ የመንግሥት የኮምፒውተር እድሳትና ሥልጠና ማዕከል፣ ከእሱም ጋር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መፍቻው የተቋቋሙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የሚሠራው እንዲታደስ፣ የማይሠራው በዓይነት በዓይነት እንዲፈታ፤ ብረቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ገመዱ ለብቻ፣ ቦርዱ ለብቻ። ብረቱ እዚሁ ገበያ አለው። ወርቅና ፓላዲየም የያዘውን ቦርድ አቅልጦ የሚለይ ግን በአገሩ ስለሌለ ወደ ውጭ መላክ ይጠይቃል። የድሮው ወፍራም ስክሪን መስታወት እርሳስ አለበት፤ ማንም አይፈልገውም።

የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩትና ፓን ኢትዮጵያ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ያዩት ነገር እስካሁን በየመሥሪያ ቤቱ ይታያል፤ አሮጌው ኮምፒውተር አይጣልም፣ አይሸጥም፣ መጋዘን ውስጥ ይከመራል። በንብረት መዝገብ ላይ ቁጥር አለውና፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ካልፈረመ ማንም አያወጣውም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚገዛው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ዛሬም ለስብሰባ ሄደዋል። በመስክ ሥራ ላይ ናቸው። ሰኞ ይመለሳሉ።

ጥቅምት 4 እነዚህን መጋዘኖች ይሞላቸዋል። ከመሙላታቸው በፊት አንድ ሥራ አለ፤ የንብረት ክፍሉ ኮምፒውተሩን ሲረከብ ሃርድ ዲስኩ ይቆጠራል እንጂ አይጠረግም። በፍጥነት የሚደረገው የተለመደው ፎርማት ብቻውን ፋይሉን አያጠፋውም፤ ማንም ጠጋኝ በነጻ ፕሮግራም መልሶ ያወጣዋል። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በላዩ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ፣ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ የማይነሣ ዲስክ ከሆነ አውጥቶ መብሳት ይቻላል። የአስመጪዎቹ ኢንቮይስ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ዝርዝር፣ የተከራዮቹ መታወቂያ ቅጂ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ አቃቂው መፍቻም ቢሄድ፣ ወደ ጨረታም ቢወጣ፣ ዲስኩ መጀመሪያ መጠረግ አለበት፣ ከሰብሳቢው ፊርማ በፊት።